የጠያቂ ዓይን፣ የአስታማሚ እጅ

በአማርኛ ሁለት ሥራዎች በአንድ ግሥ ይጠራሉ። ያልገባውን ነገር ሊረዳ ቃል የሚያወጣ ሰው «ጠየቀ» ይባላል፤ የታመመ ጎረቤቱን ሊያይ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ደጃፍ የሚረግጥም እንዲሁ «ጠየቀ» ይባላል። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ነገር አይመስልም። ሕመምተኛ ዘንድ መሄድ ራሱ ጥያቄ ነውና፤ ሌሊቱን እንዴት አደርክ፣ እህል ቀመስክ ወይ፣ ማን አገላበጠህ፣ ማን አጠበህ? ጠያቂው እነዚህን ሁሉ በአፉ ባያወጣቸው እንኳ ዓይኑ አያርፍም። የአንሶላውን ንጣት፣ የክፍሉን ሽታ፣ በራስጌ የተቀመጠው ብርጭቆ ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ የሕመምተኛው ጥፍር መቼ እንደተቆረጠ፣ ሁሉን ያያል። ከወጣ በኋላም ያየውን ለሌላው ይናገራል። «እገሌን ልጆቹ ጥለውታል» ወይም «ምራቲቱ እንደ እናቷ ነው የያዘቻቸው» የሚለው ፍርድ ቀኑ ሳይመሽ መንደሩን ያዳርሳል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ከተሞችና መንደሮች በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ ጨርሶ መዛኝ ያጣበት ዘመን አልነበረም ማለት ይቻላል። መዛኙ ደመወዝና የምስክር ወረቀት አልነበረውም እንጂ ሥራውን ይሠራ ነበር። ቅጣቱ ሐሜት ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ የጡር ፍርሃት። ሽልማቱ ምርቃት ነበር። ማስታመም ከዘመድ እጅ እየወጣ በወር ደመወዝ የሚፈጸም ሥራ እየሆነ በመጣበት በአሁኑ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በተዘጋ በር ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ ደግ ይሁን ክፉ፣ ደኅንነት ያለው ይሁን አደገኛ፣ ማን ያውቃል? ለማወቅስ መጠየቅ ያለበት ማን ነው?

ወደዚህ ከመግባት በፊት ለቀድሞው ጠያቂ ከሚገባው በላይ ክብር እንዳይሰጠው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጠያቂ ዓይን ብዙ ጊዜ ከአንሶላው አያልፍም። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል አንሶላው ይቀየራል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ከአንሶላው በታች ያለው ቁስል ግን በቦታው አለ። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። ጠያቂው ያየውን ይዞ ስለሚወጣ፣ ሰው በሽታውን ከጠያቂ መደበቅ ያዘ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኤች.አይ.ቪ. ከተያዙት ወገኖች ስንቶቹ በጓዳ ተዘግተው አልፈዋል! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለ የሚመክረው አፍና በሽታው እንዲደበቅ ያስገደደው አፍ ብዙ ጊዜ አንድ አፍ ነበር።

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከቤት በቀር መጠጊያ አልነበረውም። በእነዚያ ዓመታት ከየዕድሩና ከየማኅበሩ የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች ጥቂት ሥልጠና ወስደው፣ ሳሙናና ጓንት ይዘው ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች ጠያቂም አስታማሚም ነበሩ። ከቀድሞው ጠያቂ የሚለያቸው ዋናው ነገር ያዩትን ገመና ይዘው ወደ ጎረቤት አለመውጣታቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢያወሩ በማግስቱ በር አይከፈትላቸውም ነበርና። ቤት የገባ መዛኝ የመጀመሪያ ግዴታው አፉን መጠበቅ መሆኑ በብዙ ሰው ሕይወት ዋጋ የተገኘ ትምህርት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። አንድ ጉዳይ በምሳሌነት ይወሰድ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አንዲት እናት ተኝተዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዛት የተሠሩት እነዚህ ባለአራት ፎቅ ሕንፃዎች አብዛኞቹ አሳንሰር የላቸውም። ስለዚህ እናቲቱ አይወርዱም፤ እኩዮቻቸው የሆኑት ጠያቂዎች ደግሞ ጉልበታቸው አይፈቅድላቸውምና አይወጡም። የቀድሞ ሰፈራቸው ፈርሶ ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ልጃቸው ቨርጂኒያ ናት፤ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች። ከአልጋው አጠገብ ያለችው በደላላ የመጣች የሃያ ዓመት ወጣት ናት። እሑድ እሑድ ልጅ በቪዲዮ ትደውላለች።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነኝ ልጄ።»

«በደንብ ትይዝሻለች?»

«ኧረ በጣም! እሷማ ልጄ ናት።»

ይህ ሁሉ ሲነገር ስልኩን የያዘችው አስታማሚዋ ናት። የእናቲቱ እጅ ስለማይታዘዝ ስልኩን ሌላ ሰው መያዝ አለበት፤ ወጣቲቱም በዚህ ጥፋት የለባትም። ነገር ግን ልጅ የምታየው ወጣቲቱ የምታሳያትን ያህል ነው፤ የምትሰማውም እናት በወጣቲቱ ፊት የሚናገሩትን ያህል። ሚዛኑ በተመዛኟ እጅ ነው። ልጅ ስልኩን ዘግታ እፎይ ስትል፣ እፎይታዋ በምን ላይ እንደቆመ ብትጠየቅ ከ«ይመስገን» የተሻለ ማስረጃ አታቀርብም።

ይህ «ይመስገን» የሚባለው መልስ ብዙ ነገር ያዘለ ነው። እናት የሩቅ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ይሉታል። በሰው እጅ ያለ ሰው ለያዘው እጅ ይሉኝታ ስላለበትም ይባላል። ከሁሉ በላይ ግን እናቲቱ አንድ ሒሳብ ያውቃሉ፤ ወጣቲቱ ዛሬ ብትባረር ማታ ወደ መጸዳጃ ቤት ማን ይወስዳቸዋል? ክፉ አስታማሚ ከምንም ይሻላል ብለው ዝም የሚሉ ሕመምተኞች ጥቂት አይደሉም። እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ነገርም መጨመር ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው ጥፋት የሚሸፍነው ከፍቅር የተነሣ ነው። ወጣቲቱ አንድ ቀን መድኃኒቱን ረስታ ይሆናል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ተነሥታ እግራቸውን ታሻለች። እናቲቱ ሁለቱን አመዛዝነው ለረሳችው ዝም ብለውላታል። ታዲያ ይህ ዝምታ ፍርሃት ነው ወይስ ፍርድ? ከውጭ ላለ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ሕክምናን የመመዘን ጥያቄ በዘመናዊ መልኩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አቬዲስ ዶናቤዲያን ነው። ቤይሩት ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ የተወለደው ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምናን ጥራት በሦስት በኩል ማየት እንደሚቻል አስረድቷል። ሥራው በምን አቅምና ዝግጅት ላይ እንደቆመ፣ እንዴት እንደተሠራ፣ በመጨረሻም ምን ውጤት እንዳስገኘ መመርመር ነው። ይህ ለሆስፒታል በደንብ ይሠራል። ወደ ቤት ሲመጣ ግን ሦስተኛው ይሰነካከላል። የሰማንያ ዓመት ሕመምተኛ በመልካም እጅም ሆነ በክፉ እጅ መጨረሻው ያው ነውና። አማርኛ «ጧሪ ቀባሪ» ሲል ሁለቱን ቃላት ያለያየበት ጊዜ የለም፤ የሚጦረው ሰው እንደሚቀበር እያወቀ ነው ጧሪን የሚያመሰግነው። እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚመዘነው በአብዛኛው የመዳን ወይም የመሞት ጉዳይ አይደለም፤ በመካከል ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ነው። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ያለፈ ቀን የት ይመዘገባል?

ቀኑን በመሣሪያ ለመመዝገብ የሞከሩ አሉ። በአሜሪካ፣ በተለይ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያት የሚተዳደሩት አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአገሪቱ ሕግ ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና ድጎማ የሚከፍልባቸው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጉብኝቶች በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲመዘገቡ ያዛል። የሚመዘገቡት ነገሮች ስድስት ናቸው፤ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ተቀባዩ፣ ሰጪዋ፣ ቀኑ፣ ቦታውና ሥራው የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት። ይህ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። ያልመጣችበትን ቀን መጥቻለሁ ብላ የምታስከፍልን ሰው ይይዛል፤ ታማኟንም ከሐሰት ክስ ያድናል። ነገር ግን ከስድስቱ አንዱም እንኳ ስትመጣ እጇን መታጠቧን፣ ሾርባውን ሕመምተኛውን ቀና አድርጋ ማጉረሷን ወይም አስተኝታ ማፍሰሷን አይናገርም። መሣሪያው የሚመሰክረው ለመገኘት ነው። እንክብካቤ ደግሞ ከመገኘት በኋላ የሚጀምር ነገር ነው።

ታዲያ ከመገኘት በኋላ ያለው በምን ይታወቃል? ለዚህ ከአልጋ ቁስል የተሻለ አስተማሪ የለም። ለረጅም ጊዜ በአንድ ጎን የተኛ ሰው ክብደቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከወገብ በታች፣ በዳሌ፣ በተረከዝ፣ ደም በሚገባ ስለማይዘዋወር ሥጋው መጎዳት ይጀምራል። ይህን ለመከላከል ነርሶች ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ያህል ማገላበጥን ለምደዋል፤ እርጥብ ልብስ ሳይቆይ መቀየርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የመጀመሪያው ምልክት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ነው ይላሉ ብዙዎቹ መማሪያ መጻሕፍት። ይህ ግን የተጻፈው ነጭ ቆዳን በማየት ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ቦታው ከዙሪያው ይልቅ ሊሞቅ ወይም ሊቀዘቅዝ፣ ሊጠጥር ወይም ሊልም፣ ቀለሙም ትንሽ ሊጠቁር ይችላል፤ ሕመምተኛው ሲነካም ያመዋል። ይህን የሚያገኘው እጅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «አንሶላው ንጹሕ ነው» ብሎ የሚመሰክር ጠያቂም፣ በስልክ የምትመለከት ልጅም አያገኙትም። አስታማሚዋ በየማለዳው ተረከዙን በመዳፏ ይዛ ሙቀቱን ብትለካ ግን ቁስሉ ሳይከፈት ትደርስበታለች። እዚህ ላይ ነው እንክብካቤውን መመዘንና እንክብካቤው ራሱ አንድ የሚሆኑት። ጥሩ አስታማሚ ማለት ሥራዋን በየቀኑ በገዛ እጇ የምትመረምር ናት፤ የውጭ መዛኝ ሲመጣም ሊያይ የሚገባው ይህን ልማድ ነው።

አንዳንድ የውጭ ነዋሪ ልጆች ሌላ መፍትሔ መርጠዋል፤ ከመኝታው ትይዩ ካሜራ መስቀል። ምክንያታቸው አይናቅም። አረጋዊ የተመታበትና የተራበበት ቤት መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ሰው ከማይደርስበት ቦታ ዓይን ማስቀመጥ የሚያስመኝ ነገር ነው። ይሁንና ካሜራው የተሰቀለበት ክፍል እናቲቱ የሚታጠቡበት፣ ልብሳቸው የሚቀየርበት ክፍል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገዛ ልጃቸው ፊት እንኳ ነጠላቸውን ሳያጣፉ ያልቀረቡ ሴት፣ ገላቸው በማያውቁት መሣሪያ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ፈቃዳቸው ተጠይቋል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ «ለእሳቸው ደኅንነት ነው» ተብሎ ታልፏል። ሰውን ከጉዳት ለመጠበቅ ሲባል ሳይጠየቅ ገመናው የሚገለጥ ከሆነ፣ ሊጠበቅ ከታሰበው ነገር ግማሹ አስቀድሞ ጠፍቷል። ካሜራ በየትም ቦታ አይሰቀል ማለት አይደለም፤ እናቲቱ አውቀውት፣ ወጣቲቱም አውቃው፣ በመግቢያው በር ወይም በሳሎን ቢሆን ክርክሩ ሌላ ይሆናል። ሳይጠይቁ መመልከት ግን፣ በአማርኛ ትርጉሙ፣ ሕመምተኛን መጠየቅ አይደለም።

መጠየቅን እንደ ሙያ የያዙት ሰዎች ሩቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሐኪሟ አን ሜሪማን ካምፓላ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ሲመሠርቱ ዋና ሐሳባቸው በካንሰርና በኤድስ የሚሠቃየው ሰው ሆስፒታል ሳይመጣ በቤቱ ሕመሙ እንዲታገሥለት ነበር። ከዱቄት ተበጥብጦ በአፍ የሚወሰድ ርካሽ ሞርፊን በየቤቱ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች መድኃኒቱን እንዲያዙ የአገሪቱ ሕግ ፈቀደ። ሞርፊን የሚሰጥ ሰው ግን በግምት መሄድ አይችልም፤ ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ከባለቤቱ መስማት አለበት። መቀመጫው ካምፓላ የሆነው የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው መመዘኛ ከዚህ አስተሳሰብ የወጣ ነው። ጥያቄዎቹ 10 ብቻ ናቸው። ሕመምተኛው መልሱን ከ0 እስከ 5 ይሰጣል፤ ቁጥር ያልተማረ እንደሆነ በእጁ ያሳያል፤ የተጨበጠ እጅ ዜሮ ነው፣ የተዘረጋ አምስት። ሰባቱ ጥያቄዎች ለሕመምተኛው ናቸው። ሕመም ብቻ አይጠየቅም፤ ስጋት አለብህ ወይ፣ የሚሰማህን ለሰው ማካፈል ችለሃል ወይ፣ ሰላም ይሰማሃል ወይ እየተባለ ይጠየቃል። የቀሩት ሦስቱ ለሚያስታምመው ዘመድ ናቸው፤ በቂ ነገር ተነግሮሃል ወይ፣ ማስታመሙን እንደምትችለው ይሰማሃል ወይ፣ ትጨነቃለህ ወይ?

በእጅ ጣት የሚሰጥ መልስ አንድ ጥቅም አለው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ለማለት ልማድ ያሠለጠነው አፍ ነው። ጣት ይህን አልተማረም። አፋቸው «ደኅና ነኝ» እያለ ጣታቸው አራት የሚያሳይ እናት ሊኖሩ ይችላሉ። በመርሳት በሽታ ምክንያት ጣቱንም ቃሉንም ላጣ ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር ይፈለጋል፤ አስታማሚው ሲቀርብ ሰውነቱ ይሸማቀቃል ወይስ ይለቀቃል? ልብሱ ካለፈው ወር ይልቅ ሰፍቶታል ወይ?

በእነዚያ ሦስት የመጨረሻ ጥያቄዎች ላይ ግን ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ስለ እንክብካቤ ደኅንነት ሲነገር አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ተኛው ነው። ያቺ የሃያ ዓመት ወጣትስ? ከእሷ የሚከብድ ሰው ብቻዋን ታነሣለች፤ የእሷ ወገብ የማን ጉዳይ ነው? የስኳር መርፌ ትወጋለች፤ ያገለገለውን መርፌ የት እንደምትጥል የነገራት አለ ወይ? ሌሊት ሦስቴ አራቴ ትነሣለች፤ ቀንም አታርፍም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ክኒን ያሳስታል፤ ይህ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የሰውነት ነገር ነው። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎታል፤ የቤት ሠራተኛም የምትወድቀው ከዚህ ውስጥ ነው። በአሠሪዋ ቤት ስለምታድር ሠራተኛ ጤና የሚናገር ነገር ለማግኘት ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መመለስ ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ሥራ ድርጅት የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ የሥራ ተቆጣጣሪ ወደ ቤት ስለሚገባበት ሁኔታ ሲያነሣ የቤቱ ገመና መከበር እንዳለበት አብሮ ይጠቅሳል። ሕግ አውጪዎቹም ከዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው አመንትተዋል ማለት ነው፤ ቢገቡ ገመና ይገለጣል፣ ባይገቡ ሰው ይጎዳል።

የተዘጋ በር ከሁለቱም ወገን እንደሚያስፈራ ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያሻም። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሰው አረጋዊ ሲያገላብጡ የኖሩ እህቶች በየቤተሰቡ አሉ። ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ሆኖ፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው፣ «እማማን እንዴት እየያዘቻቸው ነው?» የሚል ጠያቂ ሲመጣ «አንቺስ?» የሚላቸው ያላገኙ ብዙ ናቸው። እነሱን ያሳዘነው ነገር አዲስ አበባ ላይ በአራተኛው ፎቅ ሲደገም ግን እምብዛም አይታይም። ልጅ ከቨርጂኒያ የምትጠይቀው «በደንብ ትይዝሻለች?» ብላ ነው። እሷም በቀን ሥራዋ የሰው እናት የምታስታምም ሴት ልትሆን ትችላለች፤ እንዲያውም ይህ በጣም የተለመደ ነው። የዚያች የሰው እናት ልጆች ስለ እሷ የሚጠይቁትን ቃል ሳታስበው ስለ ሌላዋ ትደግመዋለች።

ገንዘብ የሚልክ ሰው የመጠየቅ መብት የለውም አይባልም። ነገር ግን ከፋይ የሚጠይቀውና ጠያቂ የሚጠይቀው ይለያያል። ከፋይ ለከፈለው የሚገባውን አግኝቶ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ መልሱም «አዎን» ወይም «አይደለም» ነው። ጠያቂ የሚፈልገው ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ማወቅ ነው፤ መልሱም ጊዜ ይወስዳል፣ ወንበር ስቦ መቀመጥን ይፈልጋል። የአማርኛ ሰላምታ ለዚህ የተመቸ ነበር። እንደምን አደሩ፣ ደኅና አደሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው እየተባለ ያው ጥያቄ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። የከተማ ሰው ይህን ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ወደ አንድ ጥያቄ አሳጥሮታል። አንድ ጥያቄ «ይመስገን»ን ብቻ ነው የሚያወጣው።

ወደ አራተኛው ፎቅ ይመለሱ። ከሦስተኛው ፎቅ አንዲት ጎረቤት፣ ጉልበታቸው ገና ያልከዳቸው፣ በአንድ ከሰዓት ወጥተው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። «እንዴት ነዎት?» ይላሉ፤ «ይመስገን» ይባላሉ። ወጣቲቱን ዳቦ እንድትገዛላቸው ይልኳታል። በሩ ሲዘጋ ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጥ አድርገው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ ተረከዙን በመዳፋቸው ይይዛሉ፤ ያንኑ ጥያቄ ሁለተኛ ይጠይቃሉ፤ የሚነገራቸውንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ሲወርዱ ወጣቲቱን ዳቦውን ይዛ ደረጃው ላይ ያገኟታል። እሷንም ያቆሟታል።

«አንቺስ ልጄ፣ ሌሊት ትተኛለሽ?»